የመኝታ መኪና ስትገዙ መጀመሪያ ከሥር ግቡ

የመጀመሪያውን መኪናችንን የገዛነው በመጋረጃው ነው። ቢጫ አበባ ያለበት መጋረጃ፣ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋ፣ ባለ ሁለት ምድጃ ትንሽ ኪችን። ሻጩ የኋላውን በር ሲከፍትልን ልጆቹ ዘለው ገቡና አንወጣም አሉ። ባለቤቴ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ አዳመጠና "ደህና ነው" አለ። ከስታዲየም ተነስተን መስቀል አደባባይን ዞረን ተመለስን። ሜዳ ነው። እዚያ ላይ የማይሄድ መኪና የለም። በዚያው ሳምንት ቀብድ ከፈልን፣ ስሙን አዞርን፣ አለቀ።

ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ፈረንጆች ሞተርሆም የሚሉት ነገር ለረጅም ጊዜ ስመኘው የኖርኩት ነው። ለገሃር ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ አፍሪካን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጡ መንገደኞች መኪናቸውን አቁመው የሚያርፉበት ግቢ ነበር። የምሠራው እዚያው አካባቢ ስለነበር ምሳ ሰዓት ላይ ጎራ እላለሁ። ልብሳቸውን አስጥተው፣ ሻይ አፍልተው፣ በመኪናቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሳይ ልቤ ይሄዳል። አገራችንን እንዲህ ብናያትስ? ልጆቼን ይዤ ላሊበላ፣ ባሌ፣ ጂንካ፤ ሆቴል ሳንፈልግ፣ የመሸበት አድረን።

አሁን ሁለተኛው መኪናችን ላይ ነን። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ስምንት ወር ሙሉ መኪና ስናይ ከረምን። ይህን ሐሳብ ይዞ የሚጠይቀኝ ሰው እየበዛ ስለመጣ፣ ሞተርና ሻንሲ (መኪናው የቆመበትን የብረት አጽም) ስለማወዳደር ያወቅኩትን ሁሉ እዚህ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ግን የዓባይ በረሃውን ልንገራችሁ።

መኪናው ቶዮታ ሃይኤስ ነበር፤ ሞተሩ 3ኤል። 2.8 ሊትር ናፍታ ነው፣ ቱርቦ የለውም። 3ኤልን ክፉ አልለውም። ታክሲ ሆኖ ስንት ቤተሰብ ያስተዳደረ፣ ማንኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታው ሞተር ነው። እኛ ግን ቤት ጫንበት። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ፣ አማቴ ዘንድ ልንሄድ 120 ሊትር ውሃ ሞላን። ሁለት ትልልቅ ባትሪ፣ አንድ የጋዝ ሲሊንደር፣ የቺፑድ ቁም ሳጥን፣ ፍራሽ፣ እኛ አራታችን፣ ለአማቴ የተገዛው ዘይትና ስኳር ሁሉ አለ።

ጎሃ ጽዮን ምሳ በልተን ቁልቁለቱን ጀመርን። ከላይ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ግማሽ ላይ ስንደርስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ። የፍሬኑ ፔዳል ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ። ባለቤቴ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አውቃለሁ፣ ፈርቷል። በአንደኛ ማርሽ እየጎተትን ድልድዩ ደረስን፤ ቆመን የፍሬኑ ታምቡሮች እስኪበርዱ ጠበቅን። ከዚያ የደጀን ዳገት መጣ። አንደኛ ማርሽ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ የእንጨት ጭነት የያዘ አይሱዙ አልፎን ሄደ። የሙቀቱ መርፌ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ከመቀመጫው ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ትንሿ ልጄ ቤቱ ተቃጠለ ብላ አለቀሰች። ሦስት ሰዓት ጸሐይ ላይ ተቀምጠን በመጨረሻ ደጀን የደረስነው ተጎትተን ነው።

ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛ ክዳን፣ ተሰንጥቋል።

መኪናውን በጭነት አዲስ አበባ አምጥተን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት ዘንድ ወሰድነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። ከፍተው አዩና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "ልጄ፣ ይሄ ሞተር አልበደላችሁም፤ እናንተ ናችሁ የበደላችሁት" አሉኝ። ከተጠገነ በኋላ ዕቃው ሁሉ እንዳለ የጭነት መኪና ሚዛን ላይ አስወጡት። ከተፈቀደለት 380 ኪሎ ይበልጣል። ትርፉ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያረፈው የኋላው አክስል፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ ላይ ነው።

ያን ቀን ነው ነገሩን ከየት መጀመር እንዳለብን የገባኝ። የመኝታ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ስንት ኪሎ መሸከም እንደሚችል ነው። ያንን የሚወስነው ሻንሲው፣ አክስሉ፣ ክብደቱ የሚያርፍበት የብረት ቅጠል ማለትም ባሌስትራው፣ ፍሬኑም ነው። ቀጥሎ ያንን ክብደት በእኛ አገር ዳገትና አየር ላይ የሚያወጣ ሞተር ይፈለጋል። አልጋና ኪችን በፈለጋችሁት አናጺ ይሠራል።

ኪሎውን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። መኪናው ላይ የተለጠፈው ፕሌት ሙሉ ተጭኖ የሚፈቀደውን ክብደት ይነግራችኋል። ባዶውን ሚዛን ላይ አውጡት። ልዩነቱ የእናንተ ነው፤ ሰውም ቤትም ከዚያ ውስጥ ነው የሚወጣው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 100 ሊትር ስትሞሉ አንድ ወፍራም ሰው ጫናችሁ ማለት ነው። ባለ 100 አምፒር ተራ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ባለ 18 ሚሊ ሙሉ ቺፑድ አንዱ ከ35 ኪሎ አያንስም፤ አናጺው ለቁም ሳጥንና ለአልጋ አምስት ስድስት ሲቆርጥ አስቡት። የእኛ አናጺ ሥራው ውብ ነበር፣ ግን ለሳሎን የሚሠራውን ነው መኪና ላይ የሠራልን። አሁን ያለንበት መኪና ላይ ቀጭን ኮምፔንሳቶ በአሉሚኒየም ፍሬም ነው ያሠራነው።

ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ለብቻው ጉዳይ ነው። ከኋላ ጎማ አልፎ የሚንጠለጠል ዕቃ እንደ ሚዛን ዘንግ ነው የሚሠራው። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ሦስት ሜትር ቢኖር፣ ከኋላው አክስል አንድ ሜትር አልፎ 100 ኪሎ ስትሰቅሉ የኋላው አክስል የሚሸከመው 133 ኪሎ ይሆናል። 33ቱን ከፊት ጎማ ላይ ነው ያነሳው። ፊቱ ሲቀል መሪው ይንሳፈፋል፣ ፍሬን ስትይዙ የፊት ጎማ መሬት በደንብ አይነክስም። የእኛ ውሃ በርሜል የት ነበር? በመጨረሻው ጥግ፣ ከኋላ በሩ ሥር።

ሃይኤሱን እውነቱን ነግረን በርካሽ ሸጥነውና ፍለጋ ጀመርን። ጋሼ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ፦ "አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛ ውስጡን ሳታይ ከሥር ግቢ።" አንድ ቱታ ገዛሁ። ካርቶን፣ ባትሪ መብራት፣ ትንሽ ማግኔት፣ ጓንት በፌስታል አድርጌ ይዤ እዞራለሁ። ሻጮች መጀመሪያ ሴት ልጅ ካርቶን አንጥፋ መኪና ሥር ስትገባ ይገርማቸዋል፤ ቆይቶ ይለምዱታል።

ከሥር ምን አያለሁ? የጭነት መኪናና የድሮዎቹ ኮስተሮች (የቶዮታ መካከለኛ አውቶቡሶች) ሻንሲ እንደ መሰላል ነው፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳሉ፣ በመካከላቸው አግዳሚዎች አሉ። ሁለቱን ብረቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ መዳሰስ ነው። በተለይ ባሌስትራው የሚታሰርባቸው ቦታዎች ላይ ተረጋግታችሁ እዩ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ቡሎኖቹ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ብረቱ እየተንቀሳቀሰ ነው።

አንድ ኮስተር ነበር፣ ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ የቆመ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ መቀመጫው ወጥቶለት ወለሉ የተነጠፈ። ዋጋው ጥሩ ነው፤ ባለቤቴ ቀብዱን በኪሱ ይዟል። ከሥር ገባሁ። ሁሉም ነገር ጥቁር ነው፤ አዲስ ሬንጅ ተቀብቷል። መላ መኪናው ሃያ ዓመት ያለፈው ሆኖ ሳለ ከሥር ትናንት የተቀባ ሲሆን ጠርጥሩ። በጥፍሬ እየፋቅኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከኋላው አክስል ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ግራው ብረት ላይ እጄ ጉብታ ነካ። በቁልፍ ጫፍ ሬንጁን ፋቅኩት። ብየዳ ነው። እንደ አባ ጨጓሬ የተጣጠፈ፣ ወፍራም፣ ከላይ እስከ ታች የወረደ። ከጎኑ አንድ ላሜራ ተለጥፎ አራት ማዕዘኑ ሁሉ ተበይዷል። መኪናው አንድ ጊዜ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም ነበር ማለት ነው። ሻጩን ስጠይቀው "ማጠናከሪያ ነው" አለኝ። ምናልባት እሱም ሲገዛው የተነገረው ይኸው ይሆናል። ጋሼን ስልክ ደውዬ ስነግራቸው "ነይ፣ ቡና ተፈልቷል" ብቻ አሉኝ።

ያኔ ያስረዱኝ ይህን ነው። ሻንሲ የተሠራው በመጠኑ እንዲጠማዘዝ ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ጉብታ ሲወጣ ብረቱ ይታዘዛል። በብየዳ የጋለ ቦታ ግን ይደርቃል፣ ከጎኑ ያለው ይደክማል፣ ስንጥቁ ከብየዳው ጠርዝ ይቀጥላል። እንዲያውም ከላይና ከታች ያለውን የብረቱን ከንፈር መብሳትም ሆነ መበየድ ነውር ነው፤ የግድ ከሆነ ቡሎን የሚገባው ጎኑ ላይ ነው።

እዚሁ ላይ ቅጥቅጡን ላንሳው። በአይሱዙ ኤንፒአር ሻንሲ ላይ እዚህ አገር ቤት የሚቀጠቀጥለት ማለቴ ነው። ሻንሲው ጠንካራ ነው፣ ኋላው ድርብ ጎማ ነው፣ ለዳገት መውረጃ ጢሱን የሚያፍን ሞተር ብሬክ አለው። ለዓባይ በረሃ ከዚህ የሚሻል መውረጃ አላየሁም። ችግሩ ከላይ የተቀመጠው ቤት ነው። ሻንሲው ሲጠማዘዝ ቤቱ ካልታዘዘ የበሩና የመስኮቱ ማዕዘን ይሰነጠቃል። ቅጥቅጥ ስታዩ የበሩን የላይኛ ማዕዘን እዩ፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ቀለሙ ላይ ይታያል። ማግኔቱን ለጥፉበት፤ ካልያዘ ስቱኮ ነው። ረጅም መንገድ በሚሄዱ የመኝታ መኪኖች ላይ ቤቱን ከሻንሲው ጋር በሦስት ወይም በአራት ነጥብ ብቻ፣ እንዲወዛወዝ አድርገው የሚያስሩት ለዚህ ነው። ለገሃር ያየኋቸው ትልልቅ ማን እና መርሴዲስ የጭነት መኪኖች ሁሉ እንዲህ ነበሩ። አዲስ ቤት የምታሠሩ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው ለሠሪው ንገሩት። ኤንፒአሩ ላይ ሌላም አለ፤ ጋቢናው ወደ ፊት ሲገለበጥ ሞተሩ ሁሉ ይገለጣል፣ ጥገናው ቀላል ነው። ቅጥቅጥ ሲሆን ግን ያ ጋቢና የለም፤ ሞተሩ የሚገኘው ከሹፌሩ አጠገብ ባለ ክዳን ነው፣ ሙቀቱና ድምፁም ቤት ውስጥ ነው።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት አዲስ አበባ የት እንዳለች አስታውሱ። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ቀጭን አየር ስለሆነ ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነው ከቤት ሳይወጣ ይቀራል። ወረቀቱ ላይ 90 ፈረስ ጉልበት ያለው 3ኤል እዚህ 70 እንኳ አይሞላም። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌላም ይቀነሳል። ቱርቦ አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ይመልሰዋል። ፈረንጆቹ መጽሔት ላይ "ይህ ሞተር ይበቃል" ሲሉ የሚያወሩት ስለ ሜዳቸው ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራና ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለን ለዚህ ነው። ራዲያተር ውስጥ ያለውን ውሃ ከመፍላት የሚያግደው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ክዳን እዚህ ከሌላው አገር የበለጠ ሥራ አላት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክፈቷት፤ ከሥሯ ያለው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ከሆነ መኪናው ዳገት ላይ ይፈላል። የእኛ ሃይኤስ ክዳን ጎማው እንደ ደረቅ ቆዳ ነበር። ዓይኔ ሥር የነበረ ነገር ነው።

እንግዲህ ያወዳደርናቸው ሦስት ናቸው።

አንደኛው አዲሱ ሃይኤስ ነው፤ ሰው አባዱላ የሚለው፣ በ2ኬዲ ሞተር። 2.5 ሊትር ነው፣ ግን ቱርቦና ኮመን ሬይል (በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ በከፍተኛ ግፊት ነዳጅ የሚረጭ ሥርዓት) አለው፤ ዳገት ላይ ከ3ኤል ጋር አይገናኝም። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ከተማ ውስጥ ይታጠፋል፣ ፒያሳ ማቆሚያ ያገኛል። ባልና ሚስት ብቻ ከሆናችሁና ዕቃ የማታበዙ ከሆነ እሱን ግዙ። ሁለት ነገር አስጨነቀኝ። የኮመን ሬይል ኢንጀክተር ቆሻሻና ውሃ ያለበት ናፍታ አይወድም። ገጠር ገብታችሁ ከበርሜል በጀሪካን የተቀዳ ናፍታ ስትሞሉ አስቡት። ደግሞም የኢንጀክተሮቹ መዳብ ዋሸር ሲያፈስ ጥቀርሻው ዘይቱን ያወፍረውና የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። የታወቀ በሽታው ነው፣ ገዝታችሁ መጀመሪያ የምታስፈትሹት እሱን ይሁን። ሁለተኛው፣ ይህ መኪና እንደ መሰላል የሆነ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ነው ሻንሲው። ጣራውን ቆርጦ ማንሳት ወይም ጎኑን ለትልቅ መስኮት መክፈት አጥንቱን መቁረጥ ነው።

ሁለተኛው ኮስተር በ1ኤችዜድ ነው። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለውም። ፋብሪካው 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ ይለዋል፤ እዚህ ወደ 100 ይወርዳል። ታዲያ ለምን? አንደኛ፣ ይህ ሞተር የላንድ ክሩዘር ሞተር ነው። ቦረናም ጋምቤላም አምቡላንሱ፣ የእርዳታ ድርጅቱ መኪና ሁሉ ይዞታል። መርካቶ ሶማሌ ተራ መለዋወጫው ለማግኘት ሁለት ሱቅ አያዞርም። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር የለውም፤ የነዳጅ ፖምፓው መካኒካል ነው። ሦስተኛ፣ ኋላው ድርብ ጎማ ያለው ኮስተር የሚሸከመው ክብደት የአራት ሰው ቤት ይበቃዋል። ጉልበቱ ቀስ ያለ ነው። ግን አይጨነቅም፤ በሁለተኛ ማርሽ ቀኑን ሙሉ ይወጣል።

ኮስተር ስታዩ መሪውን ጠይቁ። ብዙዎቹ ከጃፓን በቀኝ መሪ መጥተው የዞሩ ናቸው። የመሪው ሳጥን አዲስ የተበየደበትን ቦታ ከሥር እዩት። በሩም አለ፤ ጃፓን የተሠራው በሩ በግራ ነው፣ እኛ አገር ግራው የመኪና መንገድ ነው። ልጆች ይዞ አስፋልት ዳር መቆም ላሰበ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የእኛ በቀኝ የሚከፈት ነው፤ ለእሱ ብለን ሁለት ወር ጠበቅን።

ሦስተኛው አይሱዙ ኤንፒአር ነበር፣ 4.6 ሊትር 4ኤችጂዋን። ስለ ሻንሲው ብያለሁ። ሞተሩ ጥርስ በጥርስ ስለሚነዳ ታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ቫልቮች ጊዜ የሚጠብቀው ቀበቶ) ይበጠሳል የሚባል ስጋት የለም። ባዶውን ሲሄድ ግን ያንገጫግጫል፤ የባሌስትራው ቅጠል ለጭነት የተሠራ ነው። ከስድስት ሰው በላይ ለሆናችሁ፣ ወይም ሥራ ልትሠሩበት ላሰባችሁ፣ ከሦስቱ እሱ ነው።

የአውሮፓዎቹን የሚጠይቀኝም አለ። እነሱ ጋ አብዛኛው የመኝታ መኪና የሚሠራው በፊያት ዱካቶ ላይ ነው። ጎታቹ የፊት ጎማ ነው፤ ወለሉ ዝቅ ይላል፣ ውስጡ ይሰፋል። ኋላው ከባድ ሆኖ እርጥብ ዳገት ላይ ግን የፊት ጎማ ይሽከረከራል፤ ሆዱም ለእኛ ኮረኮንች ዝቅ ይላል። አብዛኞቹ ስፕሪንተሮችና አይቬኮ ዴይሊ በኋላ ጎማ ስለሚገፉ ይሻላሉ፤ ዴይሊማ መሰላል ሻንሲ አለው። አዳዲሶቹ ግን የጢስ ማጣሪያና አድብሉ (ጢሱን ለማጥራት የሚጨመር ፈሳሽ) ይፈልጋሉ፤ ጂንካ ላይ አድብሉ ፈልጉ እንግዲህ። አሜሪካኖቹ በፎርድ ሻንሲ ላይ 7.3 ሊትር የቤንዚን ቪ8፣ ትልልቆቹ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠ የከሚንስ ናፍታ ሞተር ይጠቀማሉ። ለእነሱ መንገድ ጥሩ ነው። እዚህ መጥቶ የሚገኝም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ዓይኑ አገር ውስጥ ያለው ላይ ነው። አሮጌው ሁሉ ተቀባብቶ ለገበያ ይወጣል፤ ከሥር መግባት ይበልጥ ያስፈለገው አሁን ነው።

አሁን የሙከራ ቀኑን ልንገራችሁ። ለሻጩ ከዋዜማው ደውሉና "እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳታስነሳው" በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጅ ንኩት። ከሞቀ፣ ጠዋት የሚደበቅ ነገር አለው። በቀዝቃዛው ራዲያተሩን ክፈቱ፤ ውሃው ላይ ዘይት ካለ፣ ወይም የዘይቱ ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ ቴስታታው አልፏል። ከዚያ ይነሳ። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጢስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ወይም ኮምፕረሽን (የመጨመቅ ጉልበቱ) መድከሙን ያሳያል። ጥቁር ጢስ ግን ሁልጊዜ የሞተር ሞት አይደለም፤ ከፍታችን ላይ አየሩ ስለሚያንስ ፖምፓው ነዳጅ ካበዛ ያጨሳል፣ በማስተካከል ይቀንሳል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ገልብጣችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ምንም አይደል። ዘሎ ከወደቀ የፒስቶን ቀለበቶቹ አልቀዋል።

ከዚያ ጫኑት። እኛ 25 ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልተን ወለሉ ላይ ደረደርን፤ ባለ 20 ሊትር ነው፣ 500 ኪሎ መጣ። ሻጩ "ውሃ ልትቸረችሩ ነው?" አለ። እሑድ ጠዋት መንገዱ ሳይጨናነቅ ከለገሃር ተነስተን ቸርችል ጎዳናን ወደ ማዘጋጃ ቤት ወጣን። መካከል ላይ አቁመን እንደገና ተነሳን፤ ፍሪሲዮኑ ካለቀ እዚያ ላይ ይንሸራተታል፣ ሽታውም ይመጣል። ከዚያ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳን አልፎ እንጦጦ። ይህ መንገድ በነጻ የተሰጠን የሞተር መመርመሪያ ነው። ሳያቋርጥ ይወጣል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያደርሳል። ዓይናችሁን ከሙቀቱ መርፌ ላይ አታንሱ። እላይ ደርሳችሁ ሞተሩን አታጥፉት፤ ቆሞ እየሠራ መርፌው ይመለስ እንደሆነ እዩ። ስትወርዱ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ሲያልቅ ቸርኬዎቹን ከሩቅ በእጅ ጀርባ ቅረቧቸው። አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚጋል ከሆነ ያ ፍሬን ይዟል።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር እያንዳንዱን አኃዝ አመሳክሩ። ሞተሩ ተቀይሮ ካልተመዘገበ ቦሎ ላይ ያሠቃያችኋል። መቀመጫ አውጥቶ አልጋ ማስገባትም ለውጥ ነው፤ ቀብድ ሳትሰጡ ጠይቁ። ጎማው ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019፣ 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ ብዙ አለ።

ያን እሑድ እንጦጦ ላይ የወጣው ኮስተር የእኛ ሆነ። እንከን አልባ አልነበረም። አንድ የኋላ ባሌስትራ ቅጠል ተሰብሮ አገኘን፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ያንጓጓል፣ የጣራው ጠርዝ ያፈስ ነበር። ሻንሲው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ንጹሕ ነው፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ። ውሃውን በሁለት ታንክ ከፍለን በሁለቱ አክስሎች መካከል ወለሉ ሥር አስቀመጥነው። ተጭኖ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከተፈቀደለት 410 ኪሎ ይቀረዋል።

ባለፈው ፋሲካ እንደገና ደብረ ማርቆስ ሄድን። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን፤ ፍሬን የነካነው መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው። የደጀንን ዳገት በሁለተኛ ስንወጣ ሁለት አይሱዙ አለፉን። መርፌው ከግማሽ ትንሽ አለፍ ብሎ እዚያው ቆመ። ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነበር። ያን ጊዜ የቆምንበት ቦታ ስንደርስ ትንሿ ልጄ አወቀችው፤ አሁን ትልቅ ሆናለች፣ ከመስኮቱ ጣቷን አውጥታ አሳየችን።

ለጥምቀት ጎንደር ልንሄድ ነው። ከዚያ በፊት ታይሚንግ ቺንጋው ይቀየራል። በየ100,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚለወጠው፣ እኛ ከለወጥነው 96,000 ሆኖታል። ለማክሰኞ ጋሼን ቀጠሮ ይዣለሁ።